የእናቴ የሰም ድስት

አጎቴን በዚህ ጽሑፍ አንቱ አልለውም። በሕይወት ሳለ ብየዋለሁ፣ ይበቃዋል። "በጣሊያን ጊዜ ዘመዱን ሁሉ ያበላ" እያሉ ሲያወሩለትም ዝም ብያለሁ። ከእንግዲህ ግን አልልም።

ከጣሊያን በፊት የባሕር ዳር ነጋዴ አህያውን አንድ ዓይነት ዕቃ ብቻ አይጭነውም ነበር። ባንዱ ጎን የዘጌ ቡና፣ በሌላው ሰም ወይም ጥቁር አዝሙድ። አንዱ ሱዳን ጠረፍ መተማ ላይ ገዢ ቢያጣ ሌላው የመንገዱን ወጪ ይችላል። ጣሊያን ሲገባ ወደ አስመራ የሚወስደው መንገድ ኬላው ተነሣ፣ ቀረጡ ቀረ፣ መኪና መጣ። ጨው ረከሰልን፤ ይህን አልክድም። ባለመኪናዎቹ የሚፈልጉት ግን ቆዳ ብቻ ነበር። ዓመት ሳይሞላ ነጋዴው ሁሉ ቆዳ ሻጭ ሆነ።

እናቴ ባል የሞተባት ሴት ነበረች። እኛ እስላሞች ጠጅ አንቀምስም፤ እሷ ግን ከክርስቲያኖቹ ጠጅ ቤት ከጠጁ ላይ የሚገፈፈውን የማር ሰፈፍ ትገዛና በትልቅ የመዳብ ድስት አቅልጣ፣ በጆንያ አጥልላ፣ ሰሙን በገበቴ ታረጋዋለች። ጆንያውን የምጨምቀው እኔ ነበርሁ። ትኩሱ ሰም ያቃጠለኝ ጠባሳ ዛሬም እጄ ላይ አለ።

አንድ ቀን አጎቴ፣ ታላቅ ወንድሟ፣ አፍንጫውን ይዞ ገባ።

"ጠጅ የማይቀመስበት ቤት የጠጅ አተላ ይሸታል። ድስቱን ስጭኝ፣ ሸጨ ቆዳ ልግዛበት።"

"እርስዎስ ምን ምን ነው የሚሉት፣ ጋሼ?" አለች ማማሰሏን ሳታቆም።

"ገንዘብ ገንዘብ።"

"እንግዲያው እዚያው ይሽተቱ። ድስቱ የልጄ ነው።"

"መተማን ማን ይሄድልሻል? መንገዱን ሣር በልቶታል።"

"አህያ ሣር ይወዳል።"

ከዚያ ወዲያ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ "የአተላ ልጅ" እያለ ይጠራኝ ጀመር። ሰው ይስቃል። እኔም አጎንብሸ ጉልበቱን እስም ነበር።

ጣሊያን ሊሸነፍ ሲል መኪናው ቀረ። የአጎቴ ቆዳ በግቢው እንደተከመረ ክረምቱ ገባበት፤ ሽታው ሐይቁ ዳር ለሚቆሙት ታንኳዎች ሳይቀር ተረፈ። ሰም ግን አይበሰብስም። መንገዱ ሲደርቅ ሌሎቹ አህያ ነጂዎቻቸውን ሲያባርሩ እናቴ ያላሰናበተችው ሽማግሌ አህያ ነጂ ሰማችንን ጭኖ መተማ ወረደ፤ ማሽላና አቡጀዲ ይዞ ተመለሰ። አጎቴ ከነቤተሰቡ ከዚያ ማሽላ በላ። ለእንግዶቹም "እኔ ያስመጣሁት ነው" አለ።

እናቴ ሰማችው። ታላቋ ነውና አንገቷን ደፋች።

እኔ ታናሽ እህቱ አይደለሁም። ድስቱም አሁን ድረስ እኔ ዘንድ አለ።