ዛፉ ጋ

ከጎኔ የተቀመጡት ሽማግሌ “ወራጅ አለ!” ይላሉ፤ ታክሲው ይቆማል፤ እሳቸው ግን አይወርዱም። በመስኮት ያዩና “አይ፣ እዚህ አይደለም” ብለው ባርኔጣቸውን ያስተካክላሉ። ጉልበታቸው ላይ ሶሉ የተቀየረ የሴት ጫማ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ተረከዙ ብቅ ብሏል።

ሦስተኛ ጊዜ ሲያስቆሙ፣ ከኋላ አንዲት ወይዘሮ “ከተማውን እያስጎበኙን እኮ ነው!” አለች። ሰው ሳቀ።

“አባባ፣ የት ነው የሚወርዱት?” አለ ረዳቱ።

“ዛፉ ጋ። እህቴ ታማለች። ቤቷ ከዛፉ ገባ ብሎ ነው።”

“ዛፉ ጋ ማለት ይኸው፣ እዚህ ነው!”

“ታዲያ ዛፉ የታለ?”

“ዛፍማ የለም። ስሙ ነው እንጂ።”

ሽማግሌው ግራ ገብቷቸው ወደ እኔ ዞሩ። “እትዬ፣ በየት በኩል ነበር?”

በየቀኑ የማልፍበት መንገድ ነው። ሰው ስቀጥር እንኳ “ዛፉ ጋ እንገናኝ” እላለሁ። ግን መቼ እንደተቆረጠ፣ በቀኝ ይሁን በግራ እንደነበር፣ ጭራሽ ጠፋኝ። አፍሬ “እንጃ” አልኩ።

ወረዱ። መንገዱ ተዘጋግቶ ታክሲው ስላልተንቀሳቀሰ በመስኮት አየኋቸው። በጠራራ ፀሐይ ወዲያ ወዲህ ሲሉ ቆዩ። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ቆም አሉና፣ ጥላ ውስጥ እንደገባ ሰው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ጫማውን ብብታቸው ሥር ሸጎጥ አድርገው፣ ማንንም ሳይጠይቁ ወደ ግራ ታጠፉ።