አራሷን ምርጫ ጣቢያ ያደረስንበት ቀን

በዚህ ነገር ውስጥ ያለነው አምስት ነን። አንደኛው እኔ ነኝ፤ አንኮበር የምኖር አናጢ፣ በርና መስኮት ሠሪ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ማንበብ የተማርኩት ጎልምሼ በራሴ ስለሆነ፣ የተማረ ሰው ሲሰንፍ ማየት አልወድም። ሁለተኛዋ ባለቤቴ ናት፤ የምናገረውን በትዕግሥት ታዳምጠኝና ያሰበችውን ታደርጋለች። ሦስተኛዋ የመጀመሪያ ልጃችን፣ ደብረ ብርሃን የምትኖር ልብስ ሰፊ ናት። አራተኛው ባሏ ነው፤ የደነባ ልጅ፣ ብሎኬት ማምረቻ ውስጥ በቀን ሥራ የሚያድር። አምስተኛዋ ያኔ ገና ክርስትና ያልተነሣች የሦስት ሳምንት ሕፃን ናት። ስማቸውን አልጽፍም፤ ሁሉም በሕይወት አሉ፣ ጎረቤትም ያነባል።

ልጄ ለምርጫ የተመዘገበችው በምትኖርበት ቀበሌ፣ ደብረ ብርሃን ነው። ያኔ ሆዷ ገፍቶ ነበር። ሱቋን ዘግታ በባጃጅ ሄዳ ተሰለፈች። ጠዋት የተሰለፈች ካርዱን ያገኘችው ከሰዓት በኋላ ነው። ማታ ደውላ፣ «አባባ፣ ካርድ አወጣሁ፤ እግሬ ግን ጫማ አልገባ አለ» አለችኝ። በሰፈራቸው በግል የምትወዳደር አንዲት አዋላጅ ነርስ ነበረች። ሱቋ ድረስ መጥታ ስለ ወሊድ ክፍሉ ጥበት አጫውታታለች። ልጄ በሕይወቷ የመጀመሪያዋ የሆነውን ድምፅ ለዚያች ሴት መስጠት ፈለገች። እኔ ነርሷን አላውቃትም፤ ልጄ በገዛ ጭንቅላቷ አስባ መምረጧ ግን ደስ አሰኘኝ።

ባሏ አልተመዘገበም። መታወቂያው የደነባ ነው፤ የደብረ ብርሃን ለማውጣት ከዚያ መሸኛ ማምጣት አለበት። በስልክ «ሰነፍ» አልኩት።

«አባባ፣ የቀረሁበት ቀን አይከፈለኝም» አለኝ። «ለመሸኛው ሁለት ቀን፣ ለምዝገባው አንድ ቀን፣ ለምርጫው ሌላ ቀን። ደግሞ የሚያልፈው አንድ ሰው ነው። የተሸናፊው ድምፅ የት ይገባል?»

«አንተ ልጅ፣ ሁሉም እንዳንተ ቢያስብስ?»

«ሁሉም እንደኔ የቀን ሠራተኛ አይደለማ።»

ረዘም አድርጌ መከርኩት። ስልኩን አልዘጋብኝም፤ ለዚህ አመሰግነዋለሁ።

መውለጃዋ ሲደርስ ልጄ እናቷ ዘንድ መጣች። በእኛ ዘንድ የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነው የሚወለደው። አራሷም የምትታረሰው እዚያው ነው፤ ከበር የምትወጣውም ለክርስትናው ነው፤ ለሴት ልጅ በሰማንያ ቀን። ይህን ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃለን። የምርጫውም ቀን በሬዲዮ ሲነገር ሰንብቷል። ሁለቱን አስተያይቶ ያሰበ ግን ከመካከላችን አንድ አልነበረም። ምጥ፣ ገንፎ፣ ጠያቂ ስንል የምርጫው ሳምንት ደረሰ።

እኛ ሰፈር ያለው ጣቢያ ሄጄ ልጄ እዚህ መምረጥ ትችል እንደሆነ ጠየቅሁ። ኃላፊው ትሑት ሰው ነው። «አባት፣ ካርዱ በወጣበት ጣቢያ ብቻ ነው» አለኝ። ሕጉ ያለ ምክንያት አልወጣም፤ ሰው ሁለት ቦታ እንዳይመርጥ ነው። ነገር ግን አራስ እናቷ ቤት እንደምትሆን ያላሰበ ሕግ ነው፤ እኛም አላሰብነው።

ቤት ተመልሼ ነገርኳቸው። ልጄ ሕፃኗን እያጠባች ሰማችኝና «እሄዳለሁ» አለች።

«ወዴት?» አለች እናቷ።

«ደብረ ብርሃን። መርጬ እመለሳለሁ።»

«አብደሻል? ምች ቢመታሽስ? የሰው ዓይንስ? ሰማንያው ሳይሞላ!»

«ቤተ ክርስቲያን አልገባም እማዬ፤ ምርጫው ትምህርት ቤት ነው።»

«አባቷ፣ እስቲ ተናገራት» አለች ባለቤቴ ወደ እኔ ዞራ። እኔ ደግሞ ሁለት ወር ሙሉ ድምፅ ስለ መስጠት ስሰብካቸው የከረምኩ ሰው ነኝ። እዚያ ላይ አፌን ብዘጋ ውሸታም መሆኔ ነው። «የፈለገችውን ታድርግ፤ መኪና እኔ አመጣለሁ» አልኩ። ባለቤቴ ጥቂት አየችኝና ፍርዷን ሰጠች፦ የመኪናው መስኮት አይከፈትም፣ እሷ አብራ ትሄዳለች፣ ልጅቱም ብረቷን ከእጇ አትለይም። አራስ ብቻዋን ስትሆንም ሆነ ስትወጣ ብረት ትይዛለች፤ ክፉ ነገር እንዳይቀርባት ነው ይባላል። እኔ በመስቀል እንጂ በብረት አላምንም፤ ግን ያን ቀን ለክርክር ጊዜ አልነበረንም።

መኪናውን የተከራየሁት ለክርስትናው በግ ባስቀመጥኩት ገንዘብ ነው። እኔና ባለቤቴ ማለዳ በየተራ ሰፈራችን ወጥተን መረጥን፤ እኔ ወጥቼ ስመለስ ያፈላሁት ሻይ አልቀዘቀዘም ነበር። ከዚያ ተነሣን። ጉሙ ወፍራም ስለነበር ሹፌሩ መብራት አብርቶ ቀስ እያለ ነዳ። ልጄ በጋቢ ተጀቡና ከኋላ፣ እናቷ ከጎኗ፣ እኔ ከፊት። ባሏ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቀን፤ ለዚያ ቀን ተራውን ለሌላ ሰው ለቆ ነበር።

በሩ ላይ ሴቶችን የምትፈትሽ አንዲት ወጣት ጠባቂ ቆማለች። የልጄን ጋቢ ስትዳብስ እጇ ቆመ።

«እህቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ቢላዋ ነው» አለች ልጄ።

ከኋላ የተሰለፉት ሳቁ። «ኮሮጆውን ልትቀድ ነው!» አለ አንዱ። ልጅቷ ጠባቂ አልሳቀችም። ባለቤቴ ወደ ፊት ወጥታ «አራስ ናት፤ ብረቷ ነው» አለቻት።

«አውቃለሁ እማማ፣ እኔም ወልጃለሁ። ስለት ይዞ መግባት ግን ክልክል ነው። እርስዎ ይያዙላትና ትግባ።»

«ያለ ብረት አትገባም።»

«እንግዲያው አትገባም።»

«ስጫትና ግቢ» አልኩ ልጄን፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ልጄ እኔን አየች፣ እናቷን አየች። የእናቷ ዓይን እንባ ሞልቶት ነበር፤ ከዚህ በፊት የሞተብን አንድ ሕፃን አለ፣ ስለ እሱ ቤታችን ውስጥ አይነገርም። ልጄ ቢላዋውን አልለቀቀችም። «አባባ፣ እናቴን አስለቅሼ አልመርጥም» አለችና ከሰልፉ ወጣች። እስከዚያ ድረስ የመጣነው ሁሉ በዚያች በር ላይ ሊቀር ሆነ።

ያን ጊዜ ባሏ፣ እንድናርፍበት ቤቱን ክፍት ትቶ መጥቶ ነበርና፣ ኪሱን ዳበሰና የቤታቸውን ትልቅ ጓጉንቸር ከነቁልፉ አወጣ። «ይሄም ብረት ነው» አለ። «ጓጉንቸር ይከለከላል?»

ጠባቂዋ ተቀብላ ገለባበጠችው፤ ለኃላፊዋም አሳየች። «ጓጉንቸር አልተባለም» አለች በመጨረሻ። ባለቤቴ ደግሞ እሷም በተራዋ ክብደቱን መዘነችው። «ከቢላዋው ይከብዳል» ብላ ፈቀደች። አራስ ናት ብለው ከሰልፉ አስቀደሟት። ልጄ ሕፃኗን በአንድ ክንዷ፣ ጓጉንቸሩን በሌላ እጇ ይዛ ገባች። ካርድ አውጥቶ የማያውቀው ባሏ በሩ ላይ ቆሞ ቤቱን የሚዘጋበት ነገር አጥቶ ይጠብቃል።

ስትወጣ አውራ ጣቷ በቀለም ጠቁሯል። ስትመለስ መንገዱን ሙሉ፣ ቀለሙ ሕፃኗን እንዳይነካ ጣቷን አንሥታ ነበር የምታጠባት። ባለቤቴ አንድ ጊዜ «እሺ፣ ደስ አለሽ?» አለቻት። «አዎ» አለች።

ነርሷ አላለፈችም። የድምፅ ቁጥር በትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲለጠፍ ባሏ ሄዶ አይቶ ደወለልን። «አሁንስ የት ገባ ድምፁ?» ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አላለም። ልጄ ነርሷ ስንት እንዳገኘች ጠየቀችው። ቁጥሩን ነገራት። «ከዚያ ውስጥ አንዷ እኔ ነኝ» አለችና ስልኩን መለሰችልኝ።

እኔ አሁንም ድምፅ መስጠት ግዴታ ነው እላለሁ፤ ልጄ ቀርታ ቢሆን ኖሮም እወቅሳት ነበር፣ ይህን አልደብቅም። ነገር ግን ለእኔ ሻይ እስኪቀዘቅዝ የማይቆይ ነገር ለእሷ ምን እንደሆነ በዓይኔ አይቻለሁ። ባሏን «ሰነፍ» ማለት ትቻለሁ። መሸኛውን እስካሁን አላመጣም።

ክርስትናው ያለ በግ አለፈ፤ እንግዶቹ ሽሮና ጎመን በልተው መርቀው ሄዱ። አንዱ ጎረቤት «ለመሆኑ ያቺ ድምፅ ስንት ፈጀች?» ብሎ በነገር ወጋ አደረገኝ። እኔም ቁጭ ብዬ በትክክል ነገርኩት። ስትመዘገብ የባጃጅና የተዘጋ ሱቅ ሰባት መቶ፤ መኪናው አራት ሺህ አምስት መቶ፤ የእኔ የዕለት ሥራ ዘጠኝ መቶ፤ የባሏ ስድስት መቶ፤ ምሳ ከነሹፌሩ አራት መቶ። የባለቤቴን ድካም የሚተምን አላገኘሁም። የሁላችንም ተደምሮ ሰባት ሺህ አንድ መቶ ብር።