በሁለት እትም መካከል የቆመ ጭራቅ

የኡጋንዳ ዋና ከተማ በወረርሽኙ ምክንያት በተዘጋበት በመጀመሪያው ጊዜ እኔና ታላቅ እህቴ ካንሳንጋ በሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። እህቴ የምትሠራበት የሐበሻ ምግብ ቤት ተዘግቷል። እኔም ሰው ቤት እየሄድኩ ልጆች የማስጠናበት ሥራ ቆሟል። ከጧት እስከ ማታ ተፋጠን መቀመጥ ሲመረን፣ ቀደም ብዬ ኦዊኖ ገበያ ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ የገዛሁትን አንድ ወፍራም መጽሐፍ ከአልጋ ስር አወጣሁ።

የጨዋታ መጽሐፍ ነው። አንድ ሰው አጫዋች ሆኖ ታሪኩን ይናገራል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ጀግና ይሆናሉ። ጀግናው የሰነዘረው ሰይፍ ይምታ ወይስ ይሳት የሚለውን ሃያ ጎን ያለው፣ በየጎኑ ቁጥር የተጻፈበት ዳይስ ይወስናል። ጀግናው ብዙ ፈተና ባለፈ ቁጥር ደረጃው ከፍ ይላል፣ እየበረታም ይሄዳል። አጫዋቿ እኔ ሆንኩ። እህቴ አንዲት ባለ ጋሻ ተዋጊ ፈጠረች። ከታች ያለው ኡጋንዳዊ ጎረቤታችን ደግሞ ሌባ ሆነ፤ ቦዳ፣ ማለትም የሞተር ታክሲ፣ ነጂ ነው፤ በዚያን ሰሞን ሰው መጫን ስለተከለከለ ሞተሩን ደጅ አቁሞ ይውላል።

ችግሩ የእኔ መጽሐፍ ጀግና እንዴት እንደሚፈጠር እንጂ ስለ ጭራቆች የሚያስተምር አልነበረም። ጭራቆቹ ያሉት በሌላ ጥራዝ ነው፤ ያንን ሻጩ አልነበረውም። በእኔው መጽሐፍ የመጨረሻ ገጾች ላይ ያገኘሁት ተኩላ፣ ድብና እባብ ብቻ ነው። ተኩላ መግደል እስኪሰለቸን ድረስ ተኩላ ገደልን።

ከግቢው ማዶ የሚኖሩት ጋሼ የመጡት በዚህ መሃል ነው። አዲስ አበባ የሒሳብ መምህር ነበሩ፤ ከአገር ከወጡ በኋላ ናይሮቢ ብዙ ዓመት ኖረዋል። የዳይሱን ድምፅ በመስኮት ሰምተው በሩን አንኳኩ። ምን እንደምንጫወት ሲያዩ ተመልሰው ሄዱና፣ ጀርባው በፕላስተር የተለጠፈ መጽሐፍ ይዘው መጡ። የጭራቆች መጽሐፍ ነው፤ ከእኔው በብዙ ዓመት የሚቀድም እትም። ናይሮቢ ሳሉ ከውጭ አገር መምህራን ጋር ይጫወቱ ነበር። ከሻንጣቸው ብዙ ነገር ሲጥሉ ይህንን አልጣሉም።

ያን ቀን በጣም ደስ አለኝ። ደስታዬ አንድ ሳምንት እንኳ አልቆየም።

ሁለቱ እትሞች ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ አይስማሙም። በአሮጌው የጥሩር፣ ማለትም የመከላከያ ልብስ፣ ቁጥር ባነሰ መጠን ጭራቁ ለመምታት ይከብዳል፤ በአዲሱ ደግሞ በበዛ መጠን። ይህ ቀላል ነው፤ ከሃያ ላይ መቀነስ ነው። የሕይወት ነጥቡ ግን፣ ማለትም ከመሞቱ በፊት የሚችለው ጉዳት፣ አሰቃየኝ። የአሮጌው ጭራቆች ነጥባቸው ጥቂት ነው፤ የአዲሱ ጀግኖች ጉልበታሞች ናቸው። ዋሻ ጠባቂ ነው ብዬ ብዙ ያወራሁለት ግዙፍ ገና ዱላውን ሳያነሣ በእህቴ ሰይፍ ወደቀ። ለሚቀጥለው ነጥቡን እጥፍ አደረግኩት፤ ከሰዓቱን ሙሉ ሲደበድቡት ዋሉ፣ አልሞት አለ። ቦዳ ነጂው እያዛጋ ሮሌክሱን፣ በቻፓቲ የተጠቀለለ እንቁላሉን፣ በላ። ስቀንስ ይረግፋሉ፤ ስጨምር ይገትራሉ።

ይህ ሁሉ ሳያንሰኝ ጋሼ በየመሃሉ ጣታቸውን ያነሡ ነበር። «በእኔ መጽሐፍ እንዲህ አይደለም» ይሉና ቀስ ብለው ያነብባሉ። ትሑት ሰው ናቸው፤ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም። ለዚህም ነው ይበልጥ የምናደደው። ቦዳ ነጂው አንድ ቀን ዳይሱን በእጁ እንደያዘ፣ ዛሬ ያለነው በየትኛው መጽሐፍ ውስጥ ነው ብሎ ጠየቀኝ። 

ከዚያ ሙቱ መጣ።

ሙቱ ከመቃብር ተነሥቶ የሚሄድ ጭራቅ ነው። በጋሼ መጽሐፍ፣ የነካው ጀግና አንድ ደረጃ ይወርዳል። የደከመበት ይሄዳል፣ ሄዶም ይቀራል። በአዲሱ እትም ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ በስልኬ ፈልጌ አንድ ገጽ አገኘሁ፤ እዚያ ጀግናው ይዳከማል እንጂ ደረጃው አይነካም፣ አንድ ሌሊት ሲተኛም ይድናል። የትኛውን እንደምይዝ ሳልወስን ጨዋታውን ጀመርኩ። ሙቱ ሰው የሚነካበት ቁጥር ላይ ዳይሱ አይደርስም ብዬ ነው። ደረሰ። ሙቱ የእህቴን ተዋጊ ክንዷን ያዛት።

ጋሼ ገጹን አንብበው፣ አንድ ደረጃ ሄዷል አሉ። እኔ ደግሞ ቶሎ ብዬ፣ አይደለም፣ ተኝታ ስትነሣ ይመለስላታል አልኩ።

«አድሮ የሚመለስ ከሆነ» አሉ ጋሼ፣ «ምኑን ነው የምንፈራው?»

እህቴ የተዋጊዋን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «የምፈራው ነገር አልጠፋብኝም፣ ጋሼ። እዚህ የምቀመጠው እሱን ለመርሳት ነው።»

 ተነሥታ ልብስ ልታጥብ ወጣች። ጋሼም መጽሐፋቸውን አጥፈው፣ በሉ ደህና ዋሉ ብለው ሄዱ። እኔ በሁለቱም ተናድጄ ዳይሱን ስለቅም ቀረሁ። እህቴ ያቺን ተዋጊ ለማሳደግ ከመዘጋቱ መጀመሪያ አንስቶ ደክማለች፤ በዚያ ዓመት ወደ ላይ የሄደላት ነገር እሷ ብቻ ነበረች። ይህን ጋሼ አላዩትም። እህቴ ደግሞ ጋሼ የሚሉትን አልሰማችም።

ከቀናት በኋላ የሙቱን ገጽ ደብተሬ ላይ ልገለብጥ ጋሼ ቤት ሄድኩ። መጽሐፉን አያውሱም፤ እዚያው ተቀምጦ መገልበጥ ግን ይፈቅዳሉ። ፖሾ የሚባለውን የበቆሎ ገንፎ እያማሰሉ፣ ናይሮቢ የእሳቸውም ጀግና እንዲህ ባለ ሙት እጅ ሦስት ደረጃ እንደተወሰደበት አጫወቱኝ። ጓደኞቻቸው አዝነው ይቅር እንበለው ሲሏቸው እምቢ አሉ። ከዚያ በኋላ ያ የተዳከመ ጀግና ከሁሉ ኋላ እየተንፏቀቀ፣ ሌሎቹ እየጠበቁት፣ አብሮ ሄደ። «ከዚያ የሚበልጥ ጨዋታ ተጫውቼ አላውቅም» አሉኝ። ገባኝ። መግባቱ ግን አልጠቀመኝም፤ ለእሳቸው ልክ የሆነው ለእህቴ ልክ አይደለምና።

ስለዚህ የራሴን ሕግ ሠራሁ። የተወሰደው ደረጃ ሙቱ ዘንድ ይቀመጣል፤ ሙቱን የገደለ ይመልሳል። አድሮ አይመለስም፣ ለዘለዓለምም አይጠፋም። እህቴን ለምኜ አስቀመጥኳት። ጋሼም፣ ሌላው ሁሉ በመጽሐፉ እንዳለ ከቆየ ይሁን አሉ፤ እኔም እሺ አልኳቸው።

ውጊያው ለመጀመሪያ ጊዜ ያማረ ውጊያ ሆነ። ነጥቡ አልረገፈም፣ አልገተረም። እህቴ ወንበሯ ላይ አልቀመጥ አለች። ሙቱ ሊወድቅ ጥቂት ሲቀረው ጋሼ ጣታቸውን አነሡ።

«ወኔውን ፈትኚው።»

በአሮጌው እትም እያንዳንዱ ጭራቅ የወኔ ቁጥር አለው። ሲጎዳ ዳይስ ይጣልለታል፤ ከቁጥሩ በላይ ከመጣ ይሸሻል። በአዲሱ እንዲህ ያለ ነገር ስላላየሁ አንድም ቀን ተጠቅሜበት አላውቅም። ሌላው እንዳለ ይቆያል ብዬ ግን ቃል ገብቻለሁ። ጣልኩ። በለጠ። ሙቱ የእህቴን ደረጃ እንደያዘ በጭለማው ዋሻ ሮጦ ጠፋ።

እህቴ ዳይሱን ከጠረጴዛው አነሣች። «ጎበዝ» አለችኝ። «ሁለቱም መጻሕፍት ያላሰቡትን አመጣሽብኝ።»

እውነቷን ነው። በአሮጌው ቢሆን አልቅሳ ትተወው ነበር፤ በአዲሱ ቢሆን በማግስቱ ትረሳው ነበር። በእኔ ሕግ ግን ነገሩ ደረጃዋን የሰረቀውን ሙት ማሳደድ ሆነ። የዝናቡን ወራት ሙሉ ስናሳድደው ከረምን። ከዚያ መንገዱ ተከፈተ፤ ቦዳ ነጂው ሰው መጫን ጀመረ፤ እህቴ ግማሽ ቀን መሥራት ጀመረች፤ ጋሼ ኪሰንዪ ሰፈር በአንድ ዘመዳቸው ሱቅ ውስጥ ሥራ አግኝተው ወደዚያው ተዛወሩ። ሙቱ ባለበት ቀረ።

በተከታዩ ዓመት ከተማው እንደገና ሲዘጋ ሦስታችን ጠረጴዛው ዙሪያ ተመለስን። ከኪሰንዪ የሚመጣ ታክሲ ስላልነበረ ጋሼ በስልክ ገቡ። ስልኩን ከውሃ ብርጭቆ ጋር አስደግፈን ድምፅ ማጉያው ላይ አደረግነው። ኔትወርኩ ይመጣል፣ ይሄዳል። ሙቱን አንድ የፈረሰ ቤተ መቅደስ ውስጥ ስናገኘው ጋሼ ገጻቸውን ማንበብ ጀመሩ፤ ገና የመጀመሪያውን መስመር ሳይጨርሱ ስልኩ ተቋረጠ። ደጋግሜ ደወልኩ፤ አልገባም አለ። ወኔ ልፈትን አልፈትን የሚነግረኝ የለም። አልፈተንኩም። እህቴ ገደለችው።

ደረጃዋ ተመለሰ። ግን በመሃሉ ሌሎች ደረጃዎች አግኝታ ስለነበር ቁጥሮቿ ሁሉ ተዛቡ፤ ማሳደጉን እንደገና ከታች ጀምሬ ልሠራ ተቀመጥኩ። አንዱን ሳስተካክል ሌላው ይፈርሳል፤ ወረቀቱ በላጲስ ተቀደደ። እህቴ ትንሽ ካየችኝ በኋላ፣ ተዪው፣ በነበረበት ይሁን አለችኝ። ያን ሁሉ ወር ያሳደደችው ደረጃ ይቅርብኝ ማለቷ ነው። ልጮህ ምንም አልቀረኝም።

ስልኩ የጠራው ያኔ ነው። ጋሼ ምን ሆነ አሉ፤ ነገርኳቸው።

«እኔ ብሆን አልመልስላትም ነበር» አሉ። ከዚያ፣ «ደስ አላት?»

«እንጃ» አልኩ።

«እንዲህ ማለቴን አትንገሪያት።»

እህቴ ከጎኔ ነበረች። ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ፣ «ሰምቻለሁ ጋሼ» አለች። «መቼ ነው የሚመጡት?»

ታክሲ ሲጀምር አሉ። ታክሲ ሲጀምር እውነትም መጡ፤ እህቴ ግን በዚያ ቀን ሙሉ ቀን ሥራ ላይ ነበረች፤ ቦዳ ነጂውም መንገድ ላይ። የሚዋጋ ሰው ስላልነበረ ሁለታችን ብቻችንን ተቀመጥን። ሻይ አፈላሁ። ከዚያ፣ ሰው የሚያህል ጊንጥ የጥሩር ቁጥሩ ስንት ይሁን በሚለው እስኪመሽ ተከራከርን፤ ሳንስማማም ወደ ታክሲው ሸኘኋቸው።