በረዶ ሲወርድ የተማርኩት እንግሊዝኛ

ትናንት በረዶው የክፍሉን ቆርቆሮ ሲደበድበው ድምፄ ጠፋ፤ ተማሪዎቼም ደብተራቸውን ከደኑ። ወዲያው የእንግሊዝኛ መምህሬ ቲቸር ይመር ትዝ አሉኝ።

እዚሁ መካነ ሰላም ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። እንግሊዝኛው አልገባ ብሎኝ ትምህርቱን ትቼ ወላጆቼ ወዳሉበት ወደ ከላላ ወረዳ ልመለስ ቆርጬ ነበር። በረዶ ሲወርድ ሌላው አስተማሪ እስኪያባራ ይቀመጣል። እሳቸው ግን አንድ ቀን ጠመኔ አቀበሉኝና ሁለት ነገር እንዳወዳድር በምልክት አዘዙኝ። በበቅሎ ከመሄድ በእግር መሄድ ይሻላል ለማለት «ዎኪንግ ኢዝ ቤተር ዛን ቱ ራይድ» ብዬ ጻፍኩ። የሚወዳደሩት ሁለቱ አንድ ዓይነት መሆን ሲገባቸው፣ ግራው በ«ኢንግ» ሲያልቅ ቀኙ በ«ቱ» ጀመረ።

አልተቆጡም። እኒያ የተከበሩ ሰው ባንድ ትከሻቸው ሙሉ ቦርሳ፣ በሌላው ባዶ ቦርሳ አንጠልጥለው፣ ጭነቷ እንዳጋደለባት በቅሎ ጎብጠው ተንገዳገዱ። ጭነት አይቶ ያደገ ልጅ ይህን አይስተውም። «ቱ ራይድ»ን አጥፍቼ «ራይዲንግ» አልኩት። እሳቸውም ቦርሳዎቹን እኩል አድርገው ቀጥ ብለው ተራመዱ።

በረዶው ሲያባራ፣ «አየሽ ልጄ፣ ወላሂ እንዲህ ከሆነ ሩቅ ይኬዳል» አሉኝ። ስለ በቅሎዋ የሚያወሩ መስሎኝ ሳቅኩ። ወደ ከላላ ግን አልተመለስኩም።

ትናንት ጠመኔውን ለአንዷ ተማሪዬ አቀበልኳትና ሁለት ቦርሳ አነሳሁ።