ሳይታሰር የቀረው ብሎን

ሐሙስ፣ መጋቢት 12 ቀን። የኮረብታው ጤና ጣቢያ በር ላይ የተተከለው የመኪና ቻርጀር ክዳኑ በአራት ብሎን ይታሰራል፤ የታሰሩት ሦስት ናቸው። አራተኛው በማግስቱ ጠዋት ከእንቅልፉ ባልነቃው ኤሌክትሪሺያን የሸሚዝ ኪስ ውስጥ ተገኘ።

ሰውየውን ከሚስቱ በቀር ሁሉም «ጋሽ ፊውዝ» ይለው ነበር፤ ቶሎ ስለሚቃጠል። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለገጠሩ መብራት ሲያስገባ ኖሮ፣ የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጀር ሲመጣ በስድሳ አንድ ዓመቱ እንደ ሙሽራ እንቅልፍ አጣ። መመሪያውን ትራሱ ሥር አድርጎ ነበር የሚያድረው። ወደ ኮረብታው በሚወስደው መንገድ ላይ ስድስት ተክሏል፤ የኮረብታው ሰባተኛው ነው።

ያን ቀን ነገሩ የዋዛ አልነበረም። የጤና ጣቢያው አዲስ የኤሌክትሪክ አምቡላንስ ኮረብታውን ወጥታ ስትደርስ ባትሪዋ ተሟጥጦ ነበር። ቻርጀሩ እስከ አሥር ሰዓት ካልሠራ መኪናዋ ለከተማው ትሰጣለች ተብሏል።

ገመዱን ሰካ። ቀይ መብራት በራ። ነቅሎ ሰካው። አሁንም ቀይ።

«ጋሼ፣ ተበላሸ እንዴ?» አለች አዋላጇ፣ የመኪናዋን ቁልፍ እንደጨበጠች።

«እሱስ ደኅና ነው። የመሬት ሽቦዬ ምድር አልያዘም እያለ ነው። ፈሪ ነው፤ ምድር ካልያዘ ንቅንቅ አይልም።»

ሽቦው ወደተቀበረበት ዞረ። ባለፈው ወር በእጁ የቆፈረው ጉድጓድ በቆርቆሮ ተከድኗል፤ ዙሪያውን የውሃ መፋሰሻ ቦይ ተቆፍሮለታል። አፈሩ ዱቄት ሆኗል።

«ማነው ይህን የሠራ?»

ዘበኛው ደረቱን ነፋ። «እኔ ነኛ! ኤሌክትሪክና ውሃ ጠላት ናቸው ያልከኝ አንተ አይደለህ እንዴ ጋሼ? አንዲት ጠብታ አላስነካሁትም!»

ሁሉም ሊቃጠል ነው ብለው ሲጠብቁ ፊውዝ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «አንተ ሰው፣ በጥበቃ ብዛት ገደልከው! መድረቅ ያለበት ሣጥኑ ነው፤ ይሄ አፈር ግን መጠጣት አለበት፤ ደረቅ አፈር ኤሌክትሪክ አይቀበልም። ለይቼ አለመንገሬ የእኔ ጥፋት። በሉ፣ ውሃ!»

ጤና ጣቢያው ተተራመሰ። ዘበኛው «እኔ ያደረቅሁትን እኔው አርሰዋለሁ» እያለ ተመላለሰ። ማዶ ያሉት ባልቴት እንኳ ቢጫ ጄሪካናቸውን «ክዳኗን ብትጥላት ወዮልህ!» ብለው አዋሱት። አፈሩ ስምንት ጄሪካን ጭልጥ አደረገ። ፊውዝ በመለኪያው እያየ ጠበቀ። ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ላይ ገመዱን ሰካ።

አረንጓዴ።

አዋላጇ ጮኸች፤ ዘበኛው የመኪናዋን ኮፈን ሳመ። ፊውዝም «ትጠጣለች! እዩዋት፣ ትጠጣለች!» እያለ ዘለለ። ክዳኑን ማሰር ጀምሮ ሦስተኛው ብሎን ላይ ሲደርስ አዋላጇ «ስምንተኛው ቻርጀርስ የት ይተከላል?» አለችው። ይሄኔ አራተኛውን ኪሱ ከተተና ከወንዙ ማዶ ያለውን መንገድ በጣቱ እያሳየ ያወራላት ጀመር። ወሬው አላልቅ አለ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ፊውዝ የባልቴቷን ጄሪካን አለቀለቀ፤ ክዳኑን ከሣሩ መሐል ፈልጎ አጥብቆ ገጠመለትና ወደ ቤታቸው ተሻገረ።

«እትዬ፣ ዕቃዎ ይኸው። ክዳኗም አለች።»

ባልቴቷ አገላብጠው አዩትና ተቀበሉት።