አሮጌው ዲስክ እስኪከፈት

ከባሌ ጋር የሠራነው የመጨረሻ ሥራ የሱቃችንን አሮጌ ኮምፒውተር አቧራ ማራገፍ ነበር። እሱ በብስክሌት ጎማ መንፊያ ይነፋል፣ እኔ ባትሪ አበራለታለሁ። "ዓይንሽን ጨፍኚ" ይለኛል። ጨፍኜ እንዴት ላብራ? የድሬዳዋ አቧራ ማሽን ውስጥ ገብቶ ጎጆ ይሠራል።

አሮጌው ሃርድ ዲስክ የሚሰካበት ቦታ ተቃጥሎ ነበር። አዲሱ ዲስክ ይሠራል፤ ለዓመታት በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ያዘጋጀናቸው የሠርግ ጥሪዎችና ማመልከቻዎች ግን ያሉት አሮጌው ላይ ነው። "ሰኞ ሌላ ኮንትሮለር ካርድ እጨምርለታለሁ። አሮጌው እሱ ላይ ይሰካል፣ ሁለቱም አብረው ይሠራሉ" አለኝ። እሑድ ልቡ ቆመ።

ሐዘኑ ሳይበርድ ታላቅ ወንድሙ ሱቁን ለስልክ ነጋዴ ሊያከራየው ተነጋግሮ መጣ።

"አንቺ መጻፍ እንጂ ማሽን አታውቂም። ይሄን ቆራሌው ይውሰደው።"

"አሮጌው ዲስክ ከተከፈተስ፣ ጋሼ?"

"ከተከፈተማ ሱቁ ያንቺ፤ አፌን አላነሳም" ብሎ ሳቀ። እንደማይከፈት እርግጠኛ ነበር።

ሐዘንተኛ ሴት አርባው ሳይወጣ ገበያ አትሄድም ይባላል። እኔ በሦስተኛው ሳምንት ጥቁሬን እንደለበስኩ ባጃጅ ይዤ ታይዋን ገበያ ሄድኩ። ዕቃ ሻጩ ከስልኩ ቀና እንኳ አላለም።

"አቦ፣ ይሄ የሴት ሥራ አይደለም። ባልሽን ላኪው።"

"ከሸኘሁት ሦስት ሳምንት ሆነኝ።"

ያኔ ቀና አለ፤ ልብሴን አየ። "ወላሂ አላየሁም እህቴ። አላህ ሰብሩን፣ ትዕግሥቱን ይስጥሽ" አለና መደርደሪያውን ሁሉ በርብሮ ካርዱን አወጣልኝ።

ሱቅ ተመልሼ ክዳኑን በካቻቢቴ ፈታሁ። ካርዱ ክፍተቱ ውስጥ አልገባ ብሎ ሁለት ጊዜ አስቸገረኝ፤ በሦስተኛው ቀጭ አለ። የአሮጌውን ዲስክ ሰፊ ገመድ ሰካሁና አበራሁት። ጥቁር ስክሪን፣ አንድ መስመር ነጭ ጽሑፍ፣ ከዚያ ወዲያ ምንም። ቀድሞ የሚሠራው አዲሱ ዲስክ እንኳ ጠፋ።

የባሌ ወንድም በር ላይ ቆሞ ነበር። "ይኸው፣ ጭራሽ ገደልሽው" አለ።

"አንድ ሞት ይበቃናል ጋሼ። ይሄ አልሞተም። ወይ ይግቡ፣ ወይ ከብርሃኑ ዞር ይበሉ።"

ዞር አለ። ማሽኑን አጠፋሁት፤ ደግሜ አበራሁና ያቺን መስመር ቀስ ብዬ አነበብኳት። ማሽኑ ከአሮጌው ዲስክ ሊነሳ እየሞከረ ነው የምትል ነበረች። ለካ ካርዱን ስጨምር ተራው ተገልብጧል፤ አሮጌውን ያስቀድማል፣ እዚያ ደግሞ የሚያስነሳው ነገር የለም። ባሌ ማሽኑ ሲነሳ የሚነካትን ቁልፍ ነካሁ። የተራ ዝርዝሩን አገኘሁና አዲሱን ዲስክ አስቀደምኩት።

ተነሳ። ሁለቱም ዲስኮች ጎን ለጎን መጡ።

አሮጌውን ከፈትኩት። ባሌ የፋይል ስም መስጠት አያውቅበትም፤ "የመጨረሻ"፣ "የመጨረሻ የመጨረሻ"፣ "ይሄ ነው ትክክለኛው" እያለ ነበር የሚያስቀምጠው። በዚህ ስንት ቀን ተጨቃጭቀናል። ተንሰቅስቄ አለቀስኩ፤ ስለተሸነፍኩ ግን አልነበረም። የባሌ ወንድምም አየ። አፉን አላነሳም።

አሁን ሱቁን ጠዋት ጠዋት ራሴ እከፍታለሁ። ሙቀቱ ሲበረታ ዘግቼ አርፋለሁ፤ ከሰዓት ተመልሼ የሠርግ ጥሪ እጽፋለሁ።