ዋጋ ያልወጣለት እሁድ

ቢሮዎች በወረርሽኙ ሲዘጉ ልጄ መሃል ከተማ፣ ሾርት ኖርዝ የሚባለው ሰፈር ያለውን አፓርታማዋን ለቃ እኔ ዘንድ መጣች። ኮሌጅ ከገባች ወዲህ አብረን አልኖርንም ነበርና ደስ አለኝ። የምግብ ጠረጴዛውን ቢሮ አደረገችው። ወጥ ቤት ቆሜ ቀኑን ሙሉ ድምፅዋን እሰማለሁ፤ የምታወራው ግን ከሌላ ሰው ጋር ነው። አንድ ቤት ውስጥ ሆነን ትናፍቀኝ ጀመር።

የእኛ ቀን እሁድ ነበር። እኔ መኪና ስለማልነዳ ቤተ ክርስቲያን ይዛኝ ትሄዳለች፤ አብራኝ ታስቀድሳለች። ኮምፒውተሯ ያን ቀን አይከፈትም።

በዓመቱ፣ በፍልሰታ ጾም ሰሞን፣ አለቆቿ አንድ ሥራ ሰጧት። የድርጅቱ ፕሮግራሞች የሚሠሩበት ሰርቨር በየዓመቱ ላይሰንስ፣ የመጠቀሚያ ፈቃድ ማለት ነው፣ የሚከፈልበት ነው። በእሱ ፈንታ ነጻውን፣ ኦፕን ሶርስ የሚሉትን፣ ቢወስዱ ይረክስ እንደሆነ አወዳድሪ አሏት።

"ነጻ ከሆነ ምኑ ይወዳደራል?" አልኳት።

"ፍሪ የሆነው ላይሰንሱ ነዋ፣ እማዬ። ሳፖርት የለውም። ሲበላሽ ኮል የምታደርጊው ሰው የለም።"

"ታዲያ ማን ይጠግነዋል?"

"እኔ!" ብላ ሳቀች። "ይሄን ካሳመንኳቸው ፕሮሞት ያደርጉኛል። ጸልዪልኝ።"

"መቼ መቼ ነው የምትሠሪው?"

"እሁድ። ሰርቨሩን ሰው የማይጠቀምበት ቀን ነው።"

"እሁዱን ሒሳብ ውስጥ አስገባሽው?"

"ደሞዜ የዓመት ነው እኮ። ለእሁድ ኤክስትራ አይከፍሉኝም። ስለዚህ ኮስቱ ዜሮ ነው።"

 ልጅ ከፍ ልትል ስትል እናት እግሯን አትይዝም። ስጸልይ ግን "የሚበጃትን ስጣት" አልኩ እንጂ እንዲመረጥላት አልለመንኩም።

ሒሳቡን የምታቀርብበት ቀን ስብሰባው ረዘመ። ሁለታችንም ጾመን ውለናል፤ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል፤ እኔም ብቻዬን መብላት አልሆነልኝም። ኮምፒውተሩ ላይ የሚታየኝ ሠንጠረዥ ብቻ ስለነበር ማንም የሚያየን አልመሰለኝም። ሽሮውን በእንጀራ ጠቅልዬ አጎረስኳት። ዓይኗን አፈጠጠችብኝ፤ አፏን ግን ከፈተች። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላልና ደገምኳት።

"እማዬ! ካሜራው ኦን ነው!" አለች አፏን እንደሞላች።

ከወዲያ በኩል ሳቅ ሆነ። አለቃዋ፣ አንዲት ፈረንጅ፣ "ለእኔስ የለኝም?" አለች በእንግሊዝኛ። ልጄም እየሳቀች ማስረዳቷን ጨረሰች። ነጻው ተመረጠ።

"እንኳን ደስ አለሽ" ብዬ ሳምኳት። ፊቷ ሲበራ አይቼ እኔም ደስ አለኝ፤ ለእሷ።

ሥራው በተጀመረበት እሁድ ቤተ ክርስቲያን አደረሰችኝ፤ እሷ አልገባችም። መኪናው ውስጥ ኮምፒውተሯን ጭኗ ላይ ከፍታ ቀረች። ምናልባት ከጨረሰች ብዬ ከጎኔ ያለውን ቦታ ያዝኩላት። ዲያቆኑ "በሰላም ግቡ" ብሎ እስኪያሰናብተን አልመጣችም።

"ጨረስሽ?" አልኳት መኪናው ውስጥ ገብቼ።

"ትንሽ ቀረኝ። ቅዳሴው እንዴት ነበር?"

ልነግራት ጀመርኩ። ጣቶቿ ሲፈጥኑ አይቼ ተውኩት። ሌሎቹ መኪኖች አንድ በአንድ ወጡ፤ ግቢው ባዶ ሆነ። ቤት ስንደርስ መልሳ እንደምትከፍተው፣ እኔም ወደ ወጥ ቤቴ እንደምመለስ አውቃለሁ። ቀበቶዬን ሳላስር፣ እንሂድም ሳልላት፣ ከጎኗ ተቀመጥኩ።